ናኖዛይምና የጣና ውሃ

ናኖዛይም የሚባሉት በሕያዋን ሴሎች ውስጥ ኢንዛይሞች የሚያከናውኑትን ሥራ የሚሠሩ፣ ነገር ግን ከፕሮቲን ሳይሆን ከብረታ ብረት ኦክሳይድ፣ ከካርቦን ወይም ከወርቅ የሚዘጋጁ፣ መጠናቸው በናኖሜትር የሚለካ ቁሶች ናቸው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2004 በጣልያን ተመራማሪዎች ቢወጣም፣ ዘርፉ የተስፋፋው ቻይናዊቷ ያን ሺዩን እና ባልደረቦቿ በ2007 ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ እንደ ፐርኦክሲዴዝ፣ ማለትም በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አማካይነት ሌሎች ውህዶችን እንደሚያኦክሲድ ኢንዛይም፣ እንደሚሠራ ካሳዩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማግኔታይት ከሌላ ነገር ጋር ኬሚካላዊ ምላሽ ብዙም የማይፈጥር ተደርጎ ይታይ ነበር።

ናኖዛይሞች በውሃ ውስጥ ያለን በካይ ለመለየትም ለማፍረስም ያገለግላሉ። ለመለየት የሚያገለግለው መንገድ በቀለም ለውጥ ላይ የተመሠረተ ነው። ቲኤምቢ የተባለው ቀለም የለሽ ውህድ ናኖዛይምና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ባሉበት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ሲፈለግ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የተባለው ኢንዛይም ከሚሰነጥቀው ውህድ ጋር ይጨመራል፤ ኢንዛይሙ የሚያመነጨው ውህድ ሰማያዊውን ስለሚያደበዝዝ፣ ፀረ ተባዩ ኢንዛይሙን ሲያግደው ቀለሙ ደምቆ ይቀራል። እዚህ ላይ የቀለም ድምቀት የምሥራች አለመሆኑን ልብ ይሏል። በክረምት ሩዝ፣ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚመረትበት የፎገራ ሜዳ ውሃውን በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል ወደ ጣና ስለሚያወርድ፣ እንዲህ ያለው ቀላል ምርመራ ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው።

በካይን በማፍረስ ረገድ ማግኔታይት ከፐርኦክሳይዱ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ ያገኘውን ሞለኪውል በፍጥነት የሚያጠቃ ቅንጣት ያመነጫል፤ ይህም የጨርቅ ማቅለሚያን ሞለኪውል ይበጣጥሳል። ሥራው ሲያበቃ ዱቄቱ በማግኔት ተለቅሞ እንደገና ያገለግላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ በሚመረትባት ባሕር ዳር ተገቢው ቦታ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ገንዳ እንጂ ሐይቁ አይደለም፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ውሃ ላይ ዱቄት መበተን ትርጉም የለውም።

ዋናው ፈተና ያለው በውሃው ጠባይ ላይ ነው። ማግኔታይት በደንብ የሚሠራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ3 እስከ 4 በሆነ አሲዳማ ፈሳሽ ሲሆን፣ የጣና ውሃ ግን ከገለልተኛ እስከ መጠነኛ አልካላይን ስለሆነ ናሙናው አስቀድሞ አሲድ ሊጨመርበት ይገባል። ከማዳበሪያ የሚመጣ ፎስፌት የናኖዛይሙን ገጽ ይሸፍናል፤ ከበሰበሰ እምቦጭ የሚወጣ ኦርጋኒክ ነገርም ለበካዩ የታሰበውን ራዲካል ይሻማል። ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባሮች በክረምት የሚያመጡት ደለል ሰማያዊውን ቀለም ስለሚጋርድ፣ በግንቦት ናሙና ላይ የሰመረ ምርመራ በሐምሌው ድፍርስ ውሃ ላይ፣ ውሃው ተጣርቶ፣ እንደ አዲስ መመዘን ይኖርበታል።