የሶፍትዌር መሐንዲሶች የቅጥር ቃለ መጠይቅ በአዳማ

በአዳማ የሚኖር የሶፍትዌር ምህንድስና ምሩቅ ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው በአብዛኛው ከከተማው ውጭ ባሉ ቀጣሪዎች ነው፤ ጠሪው ወይ አዲስ አበባ ያለ ባንክ ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ነው፣ አለዚያም በኢንተርኔት ሠራተኛ የሚፈልግ የውጭ አገር ኩባንያ። የሁለቱ መመዘኛ በጣም የተራራቀ ስለሆነ፣ ለአንደኛው በሚገባ የተዘጋጀ ተወዳዳሪ በሌላው ቢወድቅ አያስገርምም።

የአገር ውስጡ መንገድ አጭር ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራም ቻናሎች ይወጣል፤ በመመረቂያ ነጥብና በሥራ ልምድ የተለዩት የጽሑፍ ፈተና ይወስዳሉ፤ ያለፉት በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከጠያቂዎች ፊት ይቀርባሉ። ጥያቄዎቹ በዳታቤዝ፣ በኔትወርክና በፕሮግራሚንግ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ ያተኩራሉ፤ ለምሩቃን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ለሆነው የመውጫ ፈተና የተደረገው ጥናትም እዚህ ይጠቅማል። እዚያው ኮድ ማስጻፍ ግን የሁሉም ቀጣሪ ልማድ አይደለም። ይህ ጉድለት ነው፤ የጽንሰ ሐሳብን ፍቺ ብቻ የሚጠይቅ ጥያቄ የሸመደደውን ከሠራበት አይለይምና።

የውጭዎቹ ኩባንያዎች በሰዓት የተገደበ የኮዲንግ ፈተና በኢንተርኔት ከሰጡ በኋላ ጠያቂው እያየ ኮድ ያስጽፋሉ። የታወቀው ምሳሌ ከተደረደሩ ቁጥሮች መካከል ድምራቸው የተፈለገውን የሚሰጡ ሁለቱን ማግኘት ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ማስተያየት መልሱን ያስገኛል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ በእጥፍ ሲረዝም ሥራው ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። የታዩትን ቁጥሮች በሃሽ ቴብል (የተፈለገው ነገር መኖር አለመኖሩን ወዲያው በሚያሳይ መዝገብ) እየመዘገቡ መሄድ ግን በአንድ ዙር ይጨርሰዋል። ጠያቂው ከመልሱ እኩል መስማት የሚፈልገው ተወዳዳሪው ከመጀመሪያው ዘዴ ወደ ሁለተኛው ለምን እንደተሻገረ ነው፤ ብዙዎች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። ፈተናን አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሲሠራ ያደገ ተማሪ ሐሳቡን ጮክ ብሎ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ እያስረዳ ኮድ መጻፍ እንግዳ ይሆንበታል። ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአልጎሪዝም (የችግር አፈታት ቅደም ተከተል) ሥልጠና ሲሰጥ የቆየውን ኤ ቱ ኤስ ቪን (A2SV) የመሳሰሉ ድርጅቶች ጥቅማቸው የሚጎላው በዚህ ነው፤ ጥያቄውን ብቻውን መፍታት የለመደ ሰው አፉን የሚፈታው ከጓደኛው ጋር እየተጠያየቀ ነው።

ቀጠሮውም የራሱ ጣጣ አለው። በኒውዮርክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሆነው ቀጠሮ በበጋቸው በአዳማ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ይውላል፤ እነርሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ሲቀይሩ የእኛ አይንቀሳቀስም። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይሄዳል፤ ጠንቃቃ ተወዳዳሪ የስልክ ዳታ ጥቅል ገዝቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ውጤቱ የሚታወቅበት መንገድም ይለያያል። የአገር ውስጥ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ ያለፉትን ብቻ ይጠራል፤ ያልተደወለለት በራሱ ጊዜ ይረዳዋል። የውጭ ኩባንያ አለመቀበሉን በኢሜይል ያሳውቃል፣ ምክንያቱን ግን እምብዛም አይገልጽም፤ አንዳንዶቹም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ዳግም ማመልከትን አይፈቅዱም።