የውርንጭላ ደም ምርመራ፦ «አልበቀለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ካልቸሩ ምንም አላሳየም፣ የዲኤንኤ ምርመራው ግን ባክቴሪያ አለ ይላል፤ የቱን እንመን?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። ካልቸር ከደሙ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ እስኪበቅል ይጠብቃል፤ ቀናት ይፈጃል። የዲኤንኤ ንባብ ግን የሞተውንም ባክቴሪያ ያገኛል።

አንዲት የሁለት ቀን የፈረስ ውርንጭላ እንውሰድ። መጥባት ትታ ተኝታለች፤ ደሟ የተቀዳው አንቲባዮቲክ ከተወጋች በኋላ ነው። መድኃኒቱ ስላዳከመው ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል፤ ዲኤንኤው ግን ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ «አልበቀለም» ማለት «ደሟ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም፤ ይሄ እርግጥ ነው።

የተገኘው ዲኤንኤ ደሙ ሲቀዳ ከቆዳ የገባ መሆን አለመሆኑ ግን እንደ አቀዳዱና እንደ ላቦራቶሪው ይለያያል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በቀጥታ የሚፈተነው በበቀለው ባክቴሪያ ላይ ነው። እባካችሁ፣ ከተቻለ ደሙ ከአንቲባዮቲኩ መርፌ በፊት ይቀዳ፤ ሕክምናው ግን ውጤት አይጠብቅ።