ተቆጣጣሪው «ውረድ»፣ መሣሪያው «ውጣ» ሲል አብራሪው የሚታዘዘው ለማን ነው?

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በድሬዳዋ ለማረፍ ከፍታውን እየቀነሰ ሳለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መንገዱ ላይ ገባች እንበል። የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ «ውረድ» ሲለው፣ ቲካስ የሚባለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ «ውጣ» ሊለው ይችላል።

ብዙ ሰው የመጨረሻው ቃል የተቆጣጣሪው ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ ደንብ ግን አብራሪው የመሣሪያውን የማምለጫ ትእዛዝ ወዲያውኑ ፈጽሞ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም አብራሪው ከግጭት ነፃ መሆኑን እስኪነግረው ድረስ የአውሮፕላኑን ጉዞ ለመለወጥ አይሞክርም። ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ አንደኛው አውሮፕላን ተቆጣጣሪውን፣ ሌላኛው መሣሪያውን ሰምተው ሁለቱም በመውረዳቸው ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞተዋል።

ግራ የሚያጋባው መሣሪያው ሁለት ዓይነት ድምፅ ማሰማቱ ነው። «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ሲል ጎረቤቱን በዓይን ፈልግ ማለቱ እንጂ ሽሽ ማለቱ አይደለም፤ እንደ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ያለ የማምለጫ ቃል ሲናገር ብቻ ነው ትእዛዝ የሚሆነው። ይህ ትእዛዝም ቢሆን አውሮፕላኑ ወደ መሬት በአደገኛ ሁኔታ ሲቃረብ ለሚሰማው ሌላ ማስጠንቀቂያ ቅድሚያውን ይለቃል፤ እንደ ደንገጎ ያለ ተራራ ባለበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትንሿ አውሮፕላን ከፍታዋን የሚያስተላልፍ ትራንስፖንደር (ለሬዲዮ ጥያቄ በራሱ ምላሽ የሚልክ መሣሪያ) ከሌላት ደግሞ ቲካስ የማምለጫ ትእዛዝ ሊሰጥ አይችልም፤ ትራንስፖንደር ጨርሶ ከሌላት እስከ ጭራሹም አያያትም። ያኔ የሚቀረው የተቆጣጣሪው መረጃና የአብራሪዎቹ ዓይን ነው።