ማት እና ግሎሲ የላፕቶፕ ስክሪን ምንድን ነው? የትኛውስ ይመረጣል?

ማት ስክሪን ማለት ላዩ ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲሻክር የተደረገና የሚያርፍበትን ብርሃን በየአቅጣጫው የሚበትን ስክሪን ነው። ግሎሲ ስክሪን ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን ነገር፣ የተቀመጠውን ሰው ፊት ጨምሮ፣ መልሶ ያሳያል። ልዩነቱ ያለው ከፒክስሎቹ (ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) በላይ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ምስሉን የሚፈጥረው ፓነል በሁለቱም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰዎች በማት ወይም በግሎሲ ከሚያሳብቧቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ በእርግጥ የሚመጡት ከፓነሉ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የያዙት ላፕቶፕ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑን አጥፍተው የስልክዎን የካሜራ መብራት ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያብሩበት። የመብራቱ ነጥብ ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ነጭ ሆኖ ከታየ ግሎሲ ነው። ነጥቡ ፈዝዞ ዙሪያውን እንደ ጭጋግ ከተዘረጋ ማት ነው። ሦስተኛ ውጤትም አለ፦ ነጥቡ ጠርዙ ቁልጭ ይላል፣ ግን ደብዘዝ ብሎ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህ ግሎሲ ሆኖ ነጸብራቅ የሚቀንስ ንጣፍ የተቀባ ስክሪን ነው።

ይህ ሦስተኛው ዓይነት ከማት ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። በዝርዝር መግለጫ ላይ «አንቲ-ግሌር» የሚለው ማት ማለት ሲሆን «አንቲ-ሪፍሌክሽን» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ያልተቀባ መስታወት ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። አንቲ-ግሌር ይህን መጠን እምብዛም አይቀንሰውም፤ ይበትነዋል እንጂ። አንቲ-ሪፍሌክሽን ግን መጠኑን ራሱን ይቀንሳል። የንጣፉ ውፍረት ከአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሩብ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ ይህም 100 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ከንጣፉ ላይና ከንጣፉ ሥር የሚመለሱት ሞገዶች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ጥሩ ንጣፍም ነጸብራቁን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። አረንጓዴው በደንብ ሲጠፋ ከቀዩና ከሰማያዊው ጥቂት ይተርፋል፤ ወይን ጠጅ መልኩ የሚመጣው ከዚያ ነው። በጀቱ ከፈቀደ ይህ ዓይነቱ ግሎሲ ከተራው ግሎሲ በብዙ ይሻላል።

4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በቁጥር ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የስክሪን ድምቀት የሚለካው በኒት፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ደግሞ በሉክስ ነው። 500 ሉክስ ብርሃን ባለው ቢሮ ውስጥ ከጀርባዎ ያለ ነጭ ግድግዳ 125 ኒት ገደማ ያበራል፤ ግሎሲ ስክሪን ከዚህ 5 ኒት ያህል ወደ ዓይንዎ ይመልሳል። ስክሪኑ 300 ኒት፣ ኮንትራስቱም (የነጩ ድምቀት ከጥቁሩ ጋር ያለው ንጽጽር) 1000 ለ 1 ቢሆን፣ ጥቁሩ በራሱ 0.3 ኒት ብቻ ነው። 5 ኒት ሲጨመርበት ኮንትራስቱ ወደ 60 ለ 1 ገደማ ይወርዳል። ጽሑፍ ለማንበብ ይህ አያስቸግርም። ጨለማ የሚበዛበት ፊልም ሲያዩ ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የግድግዳው ቅርጽም ከምስሉ ጋር ይደራረባል።

ውጭ ሲወጡ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ቀጥታ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። በዚያ ብርሃን የለበሱት ነጭ ሸሚዝ 25,000 ኒት ያህል ስለሚያበራ ነጸብራቁ ብቻውን 1,000 ኒት ይሆናል፤ 300 ኒት ያለው ስክሪን ከዚያ ሥር ይጠፋል። እዚህ ላይ ማትም አያድንም። የሸሚዙ ቅርጽ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ግን በስክሪኑ ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ምስሉን ያነጣዋል። ጥላ ውስጥ፣ በ10,000 ሉክስ፣ ያው ነጸብራቅ ወደ 100 ኒት ይወርዳል፤ ያኔ 400 ወይም 500 ኒት ያለው ስክሪን ሽፋኑ ምንም ይሁን ምን በደንብ ይነበባል። ስለዚህ ላፕቶፕ ሲመርጡ መጀመሪያ የኒቱን ቁጥር ይዩ፣ ሽፋኑን ከዚያ ቀጥሎ። 250 ኒት ያለው ማት ከ500 ኒት ግሎሲ ጋር ደማቅ ቦታ ላይ ሊወዳደር አይችልም።

«ማት ቀለም ይገድላል» የሚለው አባባል በአብዛኛው ትክክል ያልሆነ ንጽጽር ውጤት ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠሙት ማት ስክሪኖች ብዙውን ጊዜ 250 ኒት ድምቀትና በመግለጫቸው «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ የተጻፈ የቀለም ስፋት ያላቸው ናቸው፤ ይህ ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የስክሪን ቀለም መለኪያ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሸፍንም። ከጎኑ የሚቀመጠው ግሎሲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውድና ሙሉ ኤስአርጂቢ የሆነ ፓነል ነው። ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ ጥፋቱ የሽፋኑ አይደለም። 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሆነ ማት ስክሪን ለፎቶ ሥራ ይበቃል።

ማት በእውነት የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው። ሻካራው ሽፋን ከውጭ የሚያርፍበትን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከፒክስሎቹ የሚወጣውንም ይበትናል። ነጭ ገጽ ከፍተው፣ ዓይንዎን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር አቅርበው፣ ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ነጩ ላይ ጥቃቅን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሲርመሰመሱ ካዩ የሽፋኑ ቅንጣት ከፒክስሉ አንጻር ትልቅ ሆኗል ማለት ነው። እያንዳንዱ የሽፋኑ ጉብታ እንደ ትንሽ ሌንስ ሆኖ የአንዱን ቀለም ብርሃን አጉልቶ የሌላውን ይቀንሳል። የፒክስሉ መጠን ባነሰ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፤ ስለዚህ ፒክስሎቹ ይበልጥ ጥቃቅን በሆኑበት 4ኬ ማት ስክሪን ላይ ከፉል ኤችዲው ይበልጥ መፈተሽ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሻካራነቱን ማድቀቅ ነው። አፕል በ2024 በወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ በተጨማሪ ክፍያ ያቀረበው ናኖ-ቴክስቸር መስታወት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ምርጫው ሁልጊዜ በእጅዎ አይደለም። በጣት የሚነካ ስክሪን (ተች ስክሪን) ያላቸውና ኦሌድ የሆኑ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን የሚያወጣባቸው፣ ላፕቶፖች በአብዛኛው ግሎሲ ናቸው። በአሮጌ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ ደግሞ ሽፋኑ በንግድ ስም ይጻፋል፦ የኤችፒ ብራይትቪው፣ የዴል ትሩላይፍ እና የኤሰር ሲኒክሪስታል ግሎሲ ናቸው፤ የኤሰር ኮምፊቪው ማት ነው።

ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኮድ ለሚሠራ ወይም የሚቀመጥበትን ቦታ መምረጥ ለማይችል ሰው ማት ይሻላል፤ ከጀርባ ያለን መስኮትና አምፖል ቅርጽ የሚያጠፋ ሌላ ነገር የለም። ማታ ማታ በደብዛዛ ክፍል ፊልም ለሚያይ ወይም መብራቱን በሚቆጣጠርበት ክፍል ፎቶ ለሚያርም ግሎሲ ጥልቅ ጥቁርና ጥርት ያለ ጠርዝ ይሰጣል።

ግሎሲ ገዝተው ነጸብራቁ ካስቸገረዎ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መስኮቱ ከጎንዎ እንዲሆን ይዙሩ፤ ከጀርባም ከፊትም መሆን የለበትም። ክዳኑን ጥቂት ዲግሪ ወደፊት ወይም ወደኋላ ማዘንበል የጣሪያ አምፖልን ከእይታ ያወጣል። ዳርክ ሞድንም ያጥፉ፤ ነጸብራቅ ጎልቶ የሚታየው በጥቁር ላይ ነውና።

ይህ ካልበቃ ማት ፊልም መለጠፍ ይቻላል። ፊልሙን በኢንች ብቻ አይግዙ፤ የሚታየውን የስክሪን ክፍል በማስመሪያ ይለኩ። የወርድና የቁመት ምጥጥኑ 16 ለ 9 የሆነ 15.6 ኢንች ስክሪን 345 በ194 ሚሊ ሜትር ነው። 14 ኢንች ግን 16 ለ 9 ሲሆን 310 በ174፣ 16 ለ 10 ሲሆን 302 በ188 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ላፕቶፑን አጥፍተው ስክሪኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ከጠረጉ በኋላ አቧራውን በማጣበቂያ ቴፕ ያንሱ፤ አንድ ቅንጣት አቧራ ከሥር ከቀረች ዙሪያዋን የማይወጣ የአየር አረፋ ትፈጥራለች። የመከላከያውን ወረቀት ሁሉንም አንዴ አይላጡ። ከላይኛው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠው አቅጣጫውን ካስተካከሉ በኋላ፣ ቀሪውን እየላጡ በጨርቅ በተጠቀለለ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ይግፉ። ስስ ፊልም እንጂ ወፍራም የመስታወት መከላከያ አይለጥፉ፤ ክዳኑ ሲዘጋ በኪቦርዱና በስክሪኑ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ስለሆነ ፓነሉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጽዳት ላይ ማት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጣት ቅባት በሻካራው ጉድጓዶች ውስጥ ሲሞላ ቦታው የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ጨርቁን በንጹሕ ውኃ በጥቂቱ አርጥበው ሳይጫኑ ይጥረጉ፤ ውኃውን ስክሪኑ ላይ በቀጥታ አይርጩ። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃና ሶፍት ለሁለቱም አይሆኑም፤ የመጀመሪያው ሽፋኑን ይበላል፣ ሁለተኛው ይጭራል። ያገለገለ ማት ላፕቶፕ ሲገዙ ስክሪኑን አጥፍተው ያንኑ የስልክ መብራት ከጎን ያብሩበት። የኪቦርዱ ቁልፎች አሻራ ወይም ልሙጥ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ቦታ ከታየ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሲደርቅም እዚያው ካለ ሽፋኑ ተፍቆ አልቋል፤ የሚስተካከለውም ፓነሉን በመቀየር ብቻ ነው። አዲሱን ሲያዙ ከአሮጌው ፓነል ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርና የማገናኛውን ፒን ብዛት፣ 30 ይሁን 40፣ አይተው ይዘዙ።