ያንቀላፋ ኤኤስኤን ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

"ያንቀላፉ ኤኤስኤኖች የኢንተርኔቱ ክፍት በሮች ናቸው፤ ሁሉም ይሰረዙ።" ይህን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ ሰማሁት። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ተመዝግበው "ኢንተርኔት ላይ የማይታዩ" ቁጥሮችን ደመረና ድምሩን "የአደጋው መጠን" ብሎ አቀረበው። ስሙን አልጠቅስም። ጸቤ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከስሌቱ ጋር ነው።

ቢጂፒን ከሥሩ አላስረዳም። ለማያውቀው ይህን ያህል ይበቃዋል። ኢንተርኔት ማለት በየራሳቸው አስተዳደር ሥር ያሉ ኔትወርኮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ ለሌላው ራሱን የሚያስተዋውቀው ኤኤስኤን በሚባል ቁጥር ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ለምሳሌ 24757 ነው። ኔትወርኩ "እነዚህ አይፒ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው" ብሎ አናውንስ ያደርጋል። ጎረቤቱ ይሰማል፣ የራሱን ቁጥር መንገዱ ላይ ጨምሮ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ቢጂፒ የሚባለው ይህ የኔትወርኮች መነጋገሪያ ደንብ ነው። ቁጥሮቹን የሚያድሉት አምስት አህጉራዊ መዝጋቢዎች ሲሆኑ የእኛው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው።

ያንቀላፋ የሚባለው መዝገብ ላይ ያለ፣ ግን ለረጅም ጊዜ አናውንስ ሲያደርግ ያልታየ ቁጥር ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፣ አለቀ። "የተጠለፈ" የሚል ነገር ውስጡ የለም። "የተጣለ" የሚልም የለም።

ትርጉሙ ውስጥ ግን ሁለት መዝገቦች አሉ። አንዱ ቁጥሩ ለማን እንደተሰጠ ይናገራል። ሌላው በዚህ ሰዓት በዚያ ቁጥር ማን እየተናገረ እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱ በራሳቸው አይነጋገሩም። አንድ ራውተር አዲስ መንገድ ሲደርሰው አፍሪኒክ ጋ ደውሎ "ይሄ ሰው የእናንተ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። አንድ ሰው ማጣሪያ ካላበጀለት በስተቀር የሰማውን ያምናል። ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። እዚህ አካባቢ ቦታ ገዝቶ፣ በቆርቆሮ አጥሮ፣ ውጭ አገር የሄደ ሰው ሞልቷል። ካርታው በስሙ ነው። ሣሩ ሰው አክሏል። አንድ ቀን የሆነ ሰውዬ ውክልና ይዞ ይመጣል፣ አሸዋና ድንጋይ ያራግፋል። ጎረቤት "ባለቤቱ ልኮት ይሆናል" ብሎ ያልፋል። ዘበኛ የለም። ግድግዳው ሲቆም ነው ወሬው ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው።

እዚህ ምሳሌ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት የቱ ምን እንደሆነ ሲያዛምዱ ነው። ቦታው አይፒ አድራሻው ነው። ኤኤስኤኑ ካርታው ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው። ሌባው የሚፈልገው ቦታውን ነው፤ ስሙን የሚዋሰው ጎረቤት እንዳይጠይቀው ነው። ጎረቤቱ እዚህ ላይ አፕስትሪሙ ነው፣ ማለትም ኢንተርኔቱን የሚያቀርበው ድርጅት። አፕስትሪሙ የፈቃድ ደብዳቤ አምጣ ይላል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ሎጎና ፊርማ ያለበት ፒዲኤፍ ነው። ከሐሰተኛ ውክልና የሚቀለው ደግሞ ማኅተም እንኳ ስለማያስፈልገው ነው።

ከዚህ የባሰ መንገድም አለ። ድርጅቱ ሲዘጋ የኢሜይሉ ዶሜይን፣ ማለትም ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ እድሳት ይቀራል። ዶሜይኑ ነፃ ይወጣል። ሌባው በጥቂት ዶላር ይገዛዋል። ከዚያ በኋላ ለቀድሞው ኃላፊ የሚላክ ኢሜይል በሙሉ እሱ ጋ ይገባል፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም ጭምር። ሐሰተኛ ውክልና መሥራት ቀርቶ ኖታሪው ራሱ እውነተኛውን ይጽፍለታል ማለት ነው።

ምሳሌውን ከዚህ በላይ ብጎትተው ይበጠሳል። ቦታ አንድ ነው፣ ሁለት ሰው እኩል ሊሠራበት አይችልም። ስም ግን በአንድ ጊዜ ሦስት አገር ላይ ሊነሳ ይችላል። ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ስትገባ መዝገቡ ቢሮ ቢቀይርም መሬቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ቢጂፒ ላይ ግን "ቦታው" ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ አህጉር ይዘዋወራል።

ታዲያ ሌባ ለምን ያንቀላፋውን ይመርጣል? አስተያየት ሰጪው "ጥበቃው ደካማ ስለሆነ" ይላል። አይደለም። የትልልቆቹም ጥበቃ ቢሆን ለብዙ ዘመን የሚያኮራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ሊዘጋ ብሎ ከዩቲዩብ አድራሻዎች የተቆረጠች ጠበብ ያለች ብሎክ (የአድራሻዎች ጥቅል) አናውንስ አደረገ። አናውንሱ ከአገር ወጣ፤ ራውተሮች ጠበብ ያለውን ስለሚያስቀድሙ የዓለም ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ዞረ። ነገሩ በሁለት ሰዓት ገደማ ተስተካከለ። ለምን ፈጠነ? ዩቲዩብ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ስለሚጮህ።

ያንቀላፋ ኔትወርክ ሲጠለፍ የሚጮህ የለም። ደንበኛ የለው፣ ትራፊክ የለው፣ ኢንጂነር የለው። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ጠላፊው የሚገዛው ድክመት ሳይሆን ጸጥታ ነው። በዚያ ላይ የቆየ ቁጥር ጨዋ ይመስላል፤ ትናንት ከተመዘገበ ቁጥር ይልቅ አሥራ አምስት ዓመት መዝገብ ላይ የኖረን ማን ይጠራጠራል?

ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ስፓምን የሚከታተለው ስፓምሃውስ በሰሜን አሜሪካ መዝጋቢ ሥር ያሉ ከ50 በላይ ያንቀላፉ ኔትወርኮች በሳምንታት ውስጥ ሲነቁ አየ። አናውንስ ያደረጓቸው ኤኤስኤኖችም ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ያሉ ነበሩ። ተኝቶ የነበረ ስም ተኝቶ የነበረ ቦታ ይዞ ተነሳ። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የወጣው የአፍሪኒክ ጉዳይ አለ። በኋላ የታተመው የኦዲት ሪፖርት ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ አይፒቪ4 አድራሻዎች መዝገባቸው እንደተነካካ አሳየ። ከነሱ መካከል ባለቤቶቻቸው የረሷቸው የቆዩ ብሎኮች ነበሩበት። እዚያ የተነካው ራውተር ሳይሆን መዝገቡ ነው። ቢጂፒን ብቻ እያየ የሚጠብቅ ሰው ይህን ዓይነቱን አያይም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ። "አይታይም፣ ስለዚህ ተኝቷል።"

ማን ነው ያላየው? "ኢንተርኔት ላይ አይታይም" ሲባል እኮ ኢንተርኔትን በሙሉ ያየ ሰው የለም። የምናየው ሰብሳቢዎቹ ያዩትን ነው። ዋነኞቹ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ራውትቪውስና የአውሮፓው መዝጋቢ የራይፕ ሪስ ናቸው። ሰብሳቢ ማለት ፈቃደኛ ኔትወርኮች የሚሰሙትን መንገድ የሚያቀብሉት ኮምፒዩተር ነው። ያቀበሉትን ያያል፣ ያላቀበሉትን አያይም። ናይሮቢ ላይ በኢንተርኔት ማዞሪያ ጣቢያ፣ ማለትም ኔትወርኮች በቀጥታ በሚገናኙበት ቦታ፣ ሁለት ኔትወርኮች እርስ በርስ ብቻ ቢለዋወጡ፣ አንዳቸውም ለሰብሳቢ ካላቀበሉ፣ ያ መንገድ ለእኛ የለም። ሥራ ላይ ግን ነው።

የማዞሪያ ጣቢያዎችን ካነሳሁ አይቀር፣ የአባላቱን መንገዶች ተቀብለው ለሌሎቹ የሚያከፋፍሉት ራውት ሰርቨሮቻቸውም ኤኤስኤን አላቸው። በአሠራራቸው ግን ቁጥራቸውን መንገዱ ላይ አይጽፉም። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ይውሉና በሰውየው ስሌት "ያንቀላፉ" ይሆናሉ። ይሰረዙ ነው የሚለው? ሥራ ላይ ያለን ጣቢያ ቁጥሩን መቀማት ከፈለገ፣ ይሁን።

ሌላም አለ። አንድ ባንክ ዋናው ቢሮው መሀል ከተማ ነው እንበል። መጠባበቂያውን ደግሞ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች አንዱ ውስጥ አስቀምጧል። የራሱን ኤኤስኤን ያወጣው ዋናው መስመር ሲወድቅ በሌላው ለመነሳት ነው። ዓመት ሙሉ አናውንስ ላያደርግ ይችላል። የሚነሳው በክፉ ቀን ነው። በዚያ ቀን ደግሞ የእኛ ሰው "ያንቀላፋ ቁጥር ነቃ፣ ጠላፊ ነው!" ብሎ ቢያዘጋው አስቡት። ሰው ፈርቶ የባንክን እሳት ማጥፊያ ያግዳል።

ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ "ታየ፣ ስለዚህ ነቅቷል።" ኤኤስ 3፣ ማለትም ቁጥሩ 3 የሆነው ኤኤስኤን፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ነው። ኤኤስ 2 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሩቅ ኔትወርኮች መንገድ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ያውም የአድራሻው ምንጭ መስለው። ጠለፋ ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አንድ የደከመው ኢንጂነር ትራፊኩ ሌላ መስመር እንዲመርጥ መንገዱን ለማስረዘም "ቁጥሬን ሦስት ጊዜ ድገም" ሊል ፈልጎ "3" ብሎ ጽፏል። አንዳንዱ ራውተር 3 ሲባል የድግግሞሽ ብዛት ነው ብሎ ይረዳል፤ ሌላው ደግሞ ኤኤስ 3ን መንገዱ ላይ ለጥፎ ያርፋል። ዝቅተኛ ቁጥር በድንገት ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጣት ስህተት ነው።

እንግዲህ ክትትል ማለት መቁጠር አይደለም። ብዛት ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ ለውጥ ነው፤ ያውም አንድ ለውጥ ብቻውን ሳይሆን ሲደራረብ። ለዓመታት ዝም ያለ ቁጥር ተነሳ፤ ይህ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። የተነሳው ግን ባለቤቱ ኢትዮጵያ ሆኖ ብቸኛ አፕስትሪሙ ሌላ አህጉር ያለ ትንሽ ሆስቲንግ (ሰርቨር አከራይ) ድርጅት ከሆነስ? የያዘው ብሎክ የሌላ ሦስተኛ ድርጅት፣ እሱም የተኛ ከሆነስ? ከሁለት ሳምንት በፊት መዝገቡ ላይ የኢሜይል አድራሻው ከተቀየረ፣ ያ ኢሜይል ያለበት ዶሜይን ደግሞ ባለፈው ወር እንደ አዲስ የተመዘገበ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አንሳ። መዝጋቢዎቹ የተሰጡ ቁጥሮችን ዝርዝር በየቀኑ ያወጣሉ፣ የሰብሳቢዎቹም መረጃ ክፍት ነው። ሁለቱን በየቀኑ ማነጻጸር ለአንድ ጀማሪ ፕሮግራመር የሳምንት ሥራ ነው። ዶሜይኖቹን መጨመሩ ነው ሰው የሚዘነጋው፤ እኔ ብጠየቅ ከእሱ ነበር የምጀምረው።

"ሮአ አለን፣ አያሰጋንም" የሚሉም አሉ። ሮአ አንድ ብሎክ ከየትኛው ኤኤስኤን ብቻ መነሳት እንዳለበት የሚናገር፣ በዲጂታል የተፈረመ ሰነድ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ይኑራችሁ። ግን ጠላፊው ሮአው ላይ የተጻፈውን ያንኑ ቁጥር ይዞ ከመጣ ማጣሪያው "ትክክል ነው፣ ይለፍ" ይላል። ሮአ ስሙን ያያል እንጂ ስሙን የያዘውን ሰው አያይም። ስለዚህ ያንቀላፋ ቁጥር የተጻፈበት ሮአ እርዳታው ለጠላፊው ሊሆን ይችላል። ጥቅም ላይ ላልዋለ ብሎክ የሚሻለው ኤኤስ 0ን የጻፈ ሮአ ነው፤ ትርጉሙ "ይህን ማንም አያንሳው" ነው። እሱም ቢሆን የመዝጋቢው አካውንት በተሰረቀ ኢሜይል ከተወሰደ ይቀየራል። እንደገና ወደ ኢሜይሉ ተመለስን።

ወደ "ይሰረዙ" ልምጣ። ከመዝገብ መሰረዝ ቁጥሩን ከቢጂፒ አያወጣውም፤ ሁለቱ መዝገቦች አይነጋገሩም ብያለሁ። ለማንም ያልተሰጠ ቁጥር ይዞ አናውንስ ማድረግ ይቻላል፣ ሲደረግም ይታያል። እንዲያውም ስረዛው አንድ ነገር ያጠፋል፦ "ይህ ቁጥር የእኔ ነው፣ አላነሳሁትም" ብሎ የሚከራከር ባለቤት።

እሺ፣ ባለቤቱ በፈቃዱ ይመልሰው እንበል። ካልተጠቀመበትና የመጠቀም ሐሳብ ከሌለው ደግ ነው። ግን ከመመለሱ በፊት ቁጥሩ የት የት እንደተጻፈ ይፈልግ። አፕስትሪሞች የደንበኞቻቸውን ቁጥሮች ኤኤስ-ሴት በሚባል ዝርዝር ይይዛሉ። ማጣሪያው ከዚያ ዝርዝር በራሱ ይሠራል። ደንበኛው ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላም ቁጥሩ እዚያው ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ማጣሪያው አሁንም ያሳልፈዋል። "ክፍት በር" የሚለው ቃል ልክ የሚሆንበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፤ በሩም ያለው በተኛው ሰውዬ ቤት ሳይሆን በአፕስትሪሙ ነው።

ኤኤስኤን ያላችሁ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የአፍሪኒክ መዝገባችሁ ላይ ያለው ኢሜይል የማን ነው? ሥራ የለቀቀ ሰው የግል ጂሜይል ከሆነ ዛሬውኑ በክፍሉ ስም በተከፈተ አድራሻ ይተካ፤ የዶሜይኑ ክፍያም የአይቲ ክፍሉ ሰው ሲለዋወጥ እንዳይረሳ ፋይናንስ ጋ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ለቁጥራችሁም ለብሎኮቻችሁም ማንቂያ አስገቡ። በነፃ ኢሜይል የሚልኩ አገልግሎቶች አሉ። ማንቂያው ግን በሌላ ዶሜይን ወዳለ አድራሻም ይላክ፤ ዶሜይናችሁ ያለበት ብሎክ ራሱ ሲጠለፍ መልእክቱ አይደርሳችሁም።