የካባ መሬትን መልሶ ማልማት ምንድን ነው?

ካባ ማለት ድንጋይ፣ ገረጋንቲ ወይም የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሚወጣበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ማሽኑ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ከብትም ልጅም ይገባበታል። መልሶ ማልማት ማለት ያንን ቦታ እንደገና እህል እንዲያበቅል፣ ከሥሩ ያለው ወንዝም እንዲጠራ ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው ጉድጓድ ሞልቶ ችግኝ መትከል ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ሥራው የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይነሳ መጀመር አለበት እላለሁ። ለም አፈር የምንለው ከላይ ያለችውን ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር ነው። እሷ ለብቻዋ ተገፍፋ፣ ከታችኛው አፈር ጋር ሳትደባለቅ ትቀመጥ። ክምሩ በጣም ከፍ ካለ ታች ያለው አፈር አየር ያጣል፣ ውስጡ ያለው ሕይወትም ይሞታል። ቁፋሮው ሲያበቃ በከባድ መኪና የተጠቀጠቀው ወለል በዶዘር ይሰነጠቃል፣ አለዚያ ውሃም ሥርም አይገባም። ከዚያ አፈሩ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ አልፋልፋና ባቄላ ያሉ ናይትሮጅን የሚሰጡ ተክሎች ቢዘሩ ጥሩ ነው።

አፈሩ ካልተቀመጠስ? ኬንያ ውስጥ፣ ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በሚባል ቦታ የገጠመው ይህ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው የኮራል ድንጋይ ሲያወጣ ኖሮ የቀረው ራቁት ድንጋይና ጨዋማ ውሃ ነበር። በ1971 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ስዊዘርላንዳዊው የእርሻ ባለሙያ ሬኔ ሃለር 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ፣ የያዙት 3 ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ እኛ ሸውሸዌ የምንለው ዛፍ ነው፣ ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል። ችግሩ ቅጠሉ ነበር። ይረግፋል፣ ግን አይበሰብስም። መፍትሔው የመጣው ያንን ቅጠል ከሚበላ፣ ቀይ ብዙ እግሮች ካሉት ትል መሰል ፍጥረት ነው! ሃለር ሰብስቦ አመጣቸው፣ እነሱ ቅጠሉን እየበሉ አፈር አደረጉት። በኋላ እዚያው የዓሣ ኩሬ ሳይቀር ተሠራ። አፈር ከምንም ሲፈጠር ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

ወንዙም አይረሳ። ከካባው የሚታጠበው ብናኝና ጭቃ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ዓሣ የሚራባበትን ጠጠር ይደፍናል። ስለዚህ ተዳፋቱ ላይ እርከንና ክትር ይሠራል፣ ዳሩ ሣር ይለብሳል፣ ጎርፉ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ደለሉን በሚያስቀር ኩሬ ያልፋል። ኩሬው በየጊዜው ካልተጠረገ ግን ይሞላና ደለሉን መልሶ ወንዙ ውስጥ ይለቀዋል።