በጎ ፈቃደኛ ፋርማሲስት ሆኖ ወደ ጅማ ገጠር መምጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲቃረብ ውጭ አገር የሚኖሩ ፋርማሲስት ወዳጆቻችን ይደውላሉ። «ጅማ ዙሪያ ገጠር ወርጄ ትንሽ ላገልግል» ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። አብረውት የሚመጡት ግምቶች ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደሉም።

«መድኃኒት ሰብስቤ በሻንጣ ላምጣ»

ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ታማሚ ወስዶ የመለሰው መድኃኒት አይለገስም። አገር ውስጥ ሲገባም በመርህ ደረጃ ቢያንስ 1 ዓመት ሊቀረው ይገባል። ተቀባዩ ሳይጠየቅ የሚላክ ነገርም የለም። ጤና ጣቢያው ያልፈለገው መድኃኒት ከገባ ቆጥሮ የሚያስቀምጠው፣ ጊዜው ሲያልፍም የሚያስወግደው ያው በሥራ የተወጠረው ባለሙያ ነው።

ስሙም ሌላ ጣጣ አለው። ከአሜሪካ የሚመጣው የሕመም ማስታገሻ ታይለኖል ላይ የሚጻፈው «አሲታሚኖፌን» ነው። እዚህ ፓራሲታሞል እንለዋለን። አንድ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ደርቦ ይውጣል፤ ጉዳቱ ጉበት ላይ ነው።

«አማርኛ እችላለሁ፣ መግባባት አይቸግረኝም»

ጅማ ከተማ ላይ አይቸግራችሁም። ዴዶ ወይም ሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ገብታችሁ ግን አፋን ኦሮሞ ካልቻላችሁ አስተርጓሚ የግድ ነው።

ቋንቋው ቢሟላም ሰዓቱ አለ። ውጭ የለመደ እጅ ከረጢቱ ላይ «8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፤ ጠዋት ማለቱ ነው። እናትየው ከምሳ በኋላ ትሰጣለች፣ ወይም ሌሊት ልጇን ትቀሰቅሳለች። የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም እንውሰድ። በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው። ታማሚዋ የመጀመሪያውን ጠዋት 4 ሰዓት ከዋጠች፣ «ሁለተኛውን ማታ 12 ሰዓት» ብላችሁ ቁርጡን ንገሯት። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንድትወስደውም አትርሱ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ መሳል የቆየ ዘዴ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

ከሰዓቱ የባሰው ዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጊዜው በጁን 2025 የሚያልፍ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2017 አበቃ ማለት ነው። ሳጥኑን ያየ ገበሬ ግን «ገና 8 ዓመት አለው» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ጊዜው የሚያልፍበትን ወር በእኛ ቀን መጻፍ 1 ደቂቃ አይፈጅም።

ረመዳንም አለ። የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ሃይማኖቱ ቢፈቅድም ብዙዎች ጾማቸውን መተው አይሆንላቸውም። በቀን 2 ጊዜ የሚወሰድ ብዙውን ጊዜ በኢፍጣርና በሱሁር ሊደላደል ይችላል። 3 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ግን ከሐኪሙ ጋር ሌላ አማራጭ ማየት ይሻላል። ዝም ብሎ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ብሎ መሸኘት የቀኑን ኪኒን ማስቀረት ነው።

«እዚያ ባለሙያ የለም»

አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በጤና ኬላ ያሉት እህቶቻችን ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ለምለም (በውኃ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ) እና ዚንክ፣ ለሳንባ ምች አሞክሲሲሊን ይሰጣሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው መማር ልማዳቸው ነው። እዚህ የጎደለው ብዙ ጊዜ ክትትሉ ነው። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ሲቆም ግን እናት ታቆመዋለች። ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ዞሮ ይህን ማስረዳት የፋርማሲስት ሥራ ነው።

«ዲግሪዬ ይበቃል»

አይበቃም። የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ።

«ሥራው መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ነው፣ 2 ሳምንት ይበቃኛል»

በእኔ ግምት ትልቁ ሥራ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ የቀረውንና የተጠቀመውን መዝግቦ ይጠይቃል። ያን ሪፖርት ይዞ የሚያቀርበው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ቢን ካርዱ (የገባውና የወጣው መድኃኒት የሚመዘገብበት ካርድ) ከመደርደሪያው ጋር ካልገጠመ ጥያቄውም ይሳሳታል፤ አንዱ መድኃኒት ይትረፈረፋል፣ ሌላው ያልቃል። ለ2 ሳምንት የመጣ ሰው አንድ ዙር ሪፖርት እንኳ ላያይ ይችላል። ከዚያ በላይ መቆየት ካልቻላችሁ ቆጠራውን ከባለሙያው ጋር ሥሩ፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበትን መድኃኒት ወደ ፊት አውጡ፣ ያለፈበትን ለይታችሁ አስመዝግቡ።